ወይን ይዛ የምትስቀው ሴት

ገብረመድኅን የሞተ እንዳይመስላችሁ። የሰው ታሪክ ሲጻፍ ሬሳ መጠበቅ ልማዳችን ነው፤ እሱ ግን ደህና ነው። ዳላስ ዳር ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ አንድ መኝታ ባላት አፓርትመንት ይኖራል። ኤርፖርት ላይ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ዘንድሮ ስልሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጻፍልኝ አላለኝም፤ እንዲያውም ቢያውቅ ይቆጣል። የምጽፈው የኔም እጅ ስላለበት ነው። ደግሞም ይህን ታሪክ ለሰው በጀመርኩ ቁጥር ሁሉም መሐሉ ላይ በሳቅ ይፈርስና መጨረሻውን የሚሰማኝ አጣለሁ። ያስቃል፣ አልክድም። እኔም ስቄያለሁ።

ገብሬ አዲስ አበባ ሳለ የጀሶ ባለሙያ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባለ ቪላ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ጽጌረዳ ሲለጥፍ፣ የዓምድ ራስ ላይ ሐረግ ሲጠመጥም ኖረ። ሥራውን ይችልበታል፤ ግን አይወደውም ነበር። «ያ ሁሉ አበባ ጎረቤት ለማስቀናት ነው» ይላል። «ቤቱ ራሱ ማንንም ግባ አይልም። ከግቢው በር ጀምሮ ውሻ ነው።» ዳላስ ሲመጣ ደግሞ ጀሶ በሰሌዳ ተቆርጦ በብሎን የሚታሰር ነገር ሆኖ አገኘው፤ በእጅ የሚያበጅ ሰው የሚፈልግ ጠፋ። ሻትል ያዘ። ባለቤቱ በአራተኛው ዓመት ሲያትል እህቷ ጋ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ልጅ የላቸውም። አንድ ጊዜ ስልኩን ሲያውሰኝ የጥሪ ዝርዝሩን ሳላስበው አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች ሥራ የሚያሰማራው ዲስፓቸር ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ እደውልለታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሁለት ማክሰኞ ደወልኩ።

የቀረችለት እሑድ ነበረች። ቤተ ክርስቲያናችን አስራ አንድ ዓመት የሰው አዳራሽ ሲከራይ ከርሞ በመጨረሻ ምሥራቅ ዳላስ ውስጥ አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት ገዛ። ሕንፃው ዘጠና ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ነው። ፊልም ካቆመ በኋላ ምንጣፍ መሸጫ፣ ከዚያ የቦክስ መለማመጃ፣ ከዚያ የርግብ ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። ፊቱ ላይ እንደ ደረጃ እየጠበበ ወደ ላይ የሚወጣ ማማ አለው። ማዕዘኑ ሹል አይደለም፤ ክብ ሆኖ ይታጠፋል። ከመስታወቶቹ ግርጌ አረንጓዴ ሰድር ተደርድሯል። ወለሉ ቴራዞ ነው፤ በናስ መስመር የተከፋፈለ የፀሐይ ጨረር ከበሩ ሥር ይነሳና እስከ አዳራሹ ይሄዳል። እኛ ኮሚቴዎች ይህን ሁሉ አላየንም። ያየነው የመኪና ማቆሚያውን ስፋት ነው።

ቁልፍ በተረከብንበት ቀን ሁላችንም ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ስንት ነው እያልን ስንራወጥ ገብሬ መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በጀሶ የተሠራች ሴት አለች። ቁመቷ ከሰው ትንሽ ይበልጣል። ከኋላዋ ቀጥ ቀጥ ያሉ የፀሐይ ጨረሮች ተዘርግተዋል። አንድ እጇን ወደሚገባው ሰው ዘርግታ የወይን ዘለላ ታቀርባለች፤ ትስቃለች። ልብሷ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ ወገቧ ላይ ነው ያረፈው። አንድ ጡቷ ውጭ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች ከአንዷ ጡት ነው ማለት ይቻላል።

«ማቲዎስ፣ ና እስኪ ንካት» አለኝ። ማቲዎስ እኔ ነኝ፤ የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ። «ውፍረቷ ከሦስት ጣት አይበልጥም። ፀጉሯን ቁጠረው፤ አምስት መስመር ነው። እኔ ለአንድ ጽጌረዳ ሰላሳ ቅጠል እቆርጥ ነበር። ይሄ ሰውዬ አምስት መስመር ስቦ ፀጉር አደረገው። የቀረውን የሚሠራው ጥላው ነው።»

እኔ ጥላ አላየሁም። አቧራ ነው ያየሁት።

ነገሩ ስም እንዳለው የነገረችን የኮሚቴው ሊቀመንበር የአቶ መዝገቡ ልጅ ናኦሚ ናት። እዚሁ ያደገች፣ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የምትማር ልጅ ናት። ገና ከመግባቷ አፏን ይዛ ቀረች።

«ጋሼ ገብሬ፣ ይሄ እኮ አርት ዴኮ ነው! ሪል ነው፣ ኮፒ አይደለም። ማለቴ፣ ዲፕሬሽን ታይም ነው የሠሩት። ሰው ሁሉ ብሮክ ነበር፤ ሥራ የለም፣ ሶ ቤት ውስጥ ሁሉም ሳድ ነው። ሲኒማ ሲመጡ ግን ልክ እንደ ኪንግ እንዲሰማቸው ፈለጉ። ሪች ሰው ብቻ አይደለም፣ ኤቭሪባዲ።»

«ከምን ነው የሠሩት ታዲያ፣ እምነ በረድ የለም» አላት።

«ያው ጀሶ፣ ሲሚንቶ፣ ግላስ፣ አሉሚኒየም። ቺፕ ነገር ነው። ግን ላይኖቹን አየሃቸው? ስትሬት ነው፣ አያፍርም።»

ይህች «አያፍርም» ያለቻት ነገር ገብሬ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ከዚያ በኋላ የዕረፍት ቀኑን ብቻውን ፌር ፓርክ እየሄደ ያሳልፍ ጀመር። በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት ለቴክሳስ መቶኛ ዓመት የተሠሩት ሕንፃዎች እዚያ አሉ፤ በረጅሙ ገንዳ ዳርና ዳር የቆሙት ግዙፍ ሐውልቶች፣ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳሉት ሰዎች፣ ከትልቁ አዳራሽ በር በላይ ወርቅ የተቀባው ቀስተኛ። የመስከረሙ ኤግዚቢሽን ሲመጣ ሕዝቡ ይግተለተላል፤ በሌላ ጊዜ ግን እዚያ ሰው የለም፤ ገብሬ ብቻውን ይዞራል። ከዚያ ይደውልልኛል። እኔ በሥራ መሐል ነኝ፤ እሱ ስለ አንድ በር እጀታ ሃያ ደቂቃ ያወራል።

«ማቲ፣ ለምን እንደሚያምር ገባኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ይሄ ቤት የሠራውን ሰው አያስታውስም፣ የባለቤቱንም ሀብት አያወራም። የሚያስበው የሚመጣውን ሰው ነው። መስመሩ ሁሉ ወደ በሩ ነው የሚሄደው። ዘጠና ዓመት ቆሞ ና ግባ ይላል። አሁን በየመንገዱ የሚሠሩት ቤቶች እኮ ማንም ባይመጣ ግድ የላቸውም።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዛሬ ፎርትዎርዝ መሐል ከተማ በሄድኩ ቁጥር አንገቴን አቅንቼ የዚያን ዘመን ሕንፃዎች አናት ስመለከት እገኛለሁ፤ ያኔ ግን ገብሬ ብቸኝነት አናቱ ላይ ወጣ ነበር ያልኩት። ለነገሩ አልተሳሳትኩም። ብቸኛ ሰው ስለሆነ ነው የገባው።

ኮሚቴው በሰኔ ተሰበሰበ። አቶ መዝገቡ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ጠረጴዛውን መቱ። «ቤተ እግዚአብሔር መግቢያ ላይ ጡቷን አውጥታ ወይን የምታዞር ሴት! ሕፃናት አሉን እኮ።» ተሳስተዋል አልልም። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ ልክ ናቸው። ድምፅ ባይኖረውም ለሙያው የተጠራው ገብሬ እጁን አንስቶ «የድሮ ሥራ ነው፣ ቀስ ብለን ብናስብበት» አለ። ማንም አልደገፈውም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ፤ «በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሚገኘው ተገቢ ያልሆነ ምስል እንዲነሳ፣ ሥራውንም ሙያው ያላቸው ወንድማችን ገብረመድኅን እንዲያከናውኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ሙሉ ድምፅ ሲባል የኔም አለበት።

ገብሬ እሺ አለ። ከዚያ ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ አለቀ። ቤቱ በጥገና ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ ከዚያ የሚቀድም ሥራ ነበር፤ ጣሪያ፣ ኤሲ፣ ሽቦ። ቅዳሴውን ከነአቧራው የምንጀምርበት ቀን ደረሰ። አቶ መዝገቡ ሲጨቀጭቁት «እስከዚያው ልሸፍናት» አለና መጋረጃ ሰቀለባት። እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተሳሳተው። ለሥዕላቱ መጋረጃ ከተገዛው ቀይ ጨርቅ የተረፈ ነበር፤ ዳርዳሩ የወርቅ ዘርፍ ያለው። ያንኑ አስተካክሎ ሰፋና በዘንግ ላይ ሰቀለው። ምነው ሌላ ጨርቅ አጣህ ስለው «ከቤቱ ጋር እንዲሄድ ብዬ ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር ደግሞ በአልጋ አንሶላ ሊሸፍናት አንጀቱ አልቻለም።

እንግዲህ የኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በቀይ ጨርቅ የተጋረደ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? ይሳለማል።

በሁለተኛው እሑድ ጨርቁ በሰው ቁመት ልክ ወዝ ያዘ። በሦስተኛው አንድ ሰው ከሥሩ ጧፍ ማስቀመጫ አኖረ። በነሐሴ አንዷ ስለቷ ሠምሮ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ አምጥታ አስደግፋ ሄደች። ይቺን ስናገር ሁሉም ይስቃል። እኔስ? ከጀርባው ምን እንዳለ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ፣ አንድ እሑድ አርፍጄ ስገባ ተሳልሜው አልፌያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ከቆምኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ማንንም አልነገርኩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትሯት እማማ ሰርካዲስ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሮውሌት፣ ልጃቸው ካሌብ ቤት ይኖራሉ። ካሌብ ሆስፒታል የእሑድ ሺፍት ስላለው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት አምጥቶ ያወርዳቸዋል፤ ማንም ሳይመጣ። በሩን የሚከፍትላቸው ገብሬ ነው፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። እሱ ወለሉን ይወለውላል፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከመጋረጃው ፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። በሹክሹክታ ያወራሉ። አንዳንዴ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ ገብሬ እንደሚለው፣ ይስቃሉ። ሁለቱ እርስ በርስ ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም። ግን ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ሲተነፍስ መስማት ለሱ ትልቅ ነገር ነበር። «ልነግራቸው ይገባል» ይለኝ ነበር። «በሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ።» የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ያፍራል። ነገሩ በቆየ ቁጥር ደግሞ ለመናገር እየከበደ ሄደ።

በጥቅምት ከሌላ ስቴት አንድ እንግዳ አባት መጡ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መግቢያው ላይ ተጨናንቆ ሳለ ከመጋረጃው ፊት ቆሙና «የማን ሥዕል ናት?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ኪዳነ ምሕረት ናት አለ፤ ሌላው የለም አርሴማ ናት አለ። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ሊባርኩ መጋረጃውን ሰበሰቡት።

መጀመሪያ አንድ ሕፃን ሳቀ፤ ከዚያ ወጣቶቹ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ስልክ ያልወጣበት ኪስ አልነበረም። እንግዳው አባት በመስቀላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። አንዲት ሴትዮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ውይ! እማማ ሰርካዲስ ክረምቱን ሙሉ ያለቀሱት ለዚች ነው?» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሳቁም አብሮ ዞረ። እማማ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡና በሰው መሐል አልፈው ወጡ። የካሌብ ሺፍት እስኪያልቅ በዚያ ፀሐይ መኪና ማቆሚያው ዳር ቆመው ጠበቁት። ይግቡ ያላቸው ሰው መኖሩን አላስታውስም። እኔ አላልኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም።

በማግስቱ ኮሚቴው በስልክ ተሰበሰበ። አቶ መዝገቡ ለገብሬ ሁለት ነገር ሰጡት፤ ወይ በዚህ ሳምንት አንሳት፣ ወይ ቁልፉን መልስና ሌላ ሰው በመዶሻ ያነሳታል። የቅዳሴ ቤቱ በዓል አስራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ገብሬ «እኔው አነሳታለሁ» አለ።

ናኦሚ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችው፤ እኔም ነበርኩ። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ሆል ፒሱን ከት አድርገህ ማውጣት አትችልም? ፎርትዎርዝ የሚወስዳት ሰው አገኛለሁ፤ ፕሮፌሰሬን ኮል አደርጋለሁ፣ ፕሊዝ።»

«እችላለሁ» አላት። «ከኋላዋ የሽቦ ወንፊት ነው ያለው፤ በመጋዝ ዙሪያዋን ብቆርጥ ትወጣለች። ሳምንት ይፈጃል።»

«ሶ ሳምንት አለህ! ዳዲን ጠይቀው።»

ገብሬ በሩን አየ። በዓሉን ለማዘጋጀት ሴቶቹ ወንበር ሲያወጡ ሲያገቡ ነበር። «ዛሬ ልጠይቅ ብሄድ ሰውዬው ሊያመልካት ነው ወይ ይሉኛል። አሁንም ብለዋል። እዚህ ቤት ነው ሰው ስሜን የሚጠራኝ፣ የኔ ልጅ። ከዚህ ከወጣሁ የት እሄዳለሁ?»

ናኦሚ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። መልስ የነበረኝ እኔ ነኝ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ አንድ ሳምንት ልጠይቅለት እችል ነበር፤ አቶ መዝገቡም እምቢ አይሉኝም ነበር። ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሠራው። ጋሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን መሮ ያሳረፈው ጨረሮቹ ላይ ነው፤ ከዳር ጀመረ። ከዚያ ወይኑ፣ ከዚያ እጇ፣ ከዚያ ትከሻዋ። ያቺ ያጣላችን ጡት ሁለት ምት ነው የፈጀችው። ሥራውን እንደ ሁልጊዜው በጥንቃቄ ነበር የሚሠራው፤ መዶሻውን ከልክ በላይ አያነሳም፣ ጎኑ ያለውን ሰድር አንድ ቦታ እንኳ አልነካም። ፊቷን መጨረሻ አስቀራት። «ወጣ ልበልልህ?» አልኩት። «አይ፣ እዚሁ ሁን» አለኝ። ፊቷ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ወረደ። አንዱ ቁራጭ ላይ ከንፈሯ ነበር፤ ያም ይስቃል። ወስጄ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋሁት። ገብሬ እያለቀሰ ግድግዳውን ለሰነ፤ ሲመሽ እንደ ወረቀት ልሙጥ ሆኖ ነበር። እንደሱ ያለ ንጹሕ ልስን አይቼ አላውቅም።

በበዓሉ ቀን ከፊት ወንበር አስቀመጡት። አቶ መዝገቡ አቅፈው ሳሙት። ሁሉም እጅህ ይባረክ አለው። ሦስት ሰዎች ቤታችን ና አሉት፤ አንዱም አድራሻውን አልነገረውም። በሚቀጥለው እሑድ ሰው እንደ ቀድሞው እንደምን ዋልክ እያለው ወደ መኪናው ሄደ። ጠዋት በሩን ሲከፍት ደግሞ ማንም የለም። የሚወለውለው ወለል ላይ ያለው ጨረር ከበሩ ተነስቶ ባዶ ግድግዳ ላይ ይቆማል። ይህን የነገረኝ በጥር ነው፤ እኔ ደውዬለት አይደለም፤ እሱ ደውሎልኝ።

«እማማ ሰርካዲስን ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ» አለ። «አሞኝቼያቸዋለሁ። ከጨርቅ በስተጀርባ ምን እንዳለ እያወቅኩ ሦስት ወር ዝም ብዬ አየኋቸው። መሳቂያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ፤ አብረኸኝ ሂድ።»

በአንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ሮውሌት ሄድን። ቤቱ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ትልቅ ነው፤ በመንገዱ ላይ ሁሉም ቤቶች አንድ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ አልፈነው ተመለስን። ገብሬ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ትንሽ ተቀመጠ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ከስተዋል። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፤ ምን እንደሚል አያውቁም፤ ድምፅ እንዲኖር ነው። ግቡ፣ ግቡ ብለው ወንበር ላይ ያለ ልብስ እያነሱ ተጣደፉ። በዚያ ቤት እንግዳ ከገባ እንደቆየ ያስታውቃል።

ገብሬ ሳይቀመጥ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥዕል አለመሆኗን አውቅ ነበር። አልነገርኩዎትም። አሳፈርኩዎት።»

እማማ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። «ምኑን ነው ያልነገርከኝ?»

«ያቺ ሴት… እመቤታችን አለመሆኗን።»

ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነው፤ የፊት ጥርሳቸው የለም። «አንተ ሞኝ! እኔስ መቼ መስላኝ ያውቃል? ገና የመጀመሪያው እሑድ ኤሲው መጋረጃውን ገልቦት አየኋት። ከነጡቷ። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን ያስፈልጋል?»

ገብሬ አጠገባቸው ቁጭ አለ። እኔም።

«ታዲያ ለምን ይቀመጡ ነበር?» አለ።

እማማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ጠዋት ሁሉም ይወጣል፤ ማታ ሁሉም ደክሞት ይገባል። ካሌብ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሲገባ ፊቱ ስልኩ ላይ ነው። የልጅ ልጆቼ ሃይ አያቴ ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲያ የምንነጋገርበት ቋንቋ የለንም። እዚያ ደግሞ በር ሲከፈት ጨርቁ ገለጥ ይልና አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ትስቅልኛለች። እንኳን መጣሽ የሚል ፊት ነው። እንዲህ ብሎ ያየኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አጫውታት ነበር፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ምራቴ። ጸሎቴን ውስጥ ገብቼ ሥዕለ ማርያም ፊት አደርሳለሁ፤ ጨዋታዬን ከሷ ጋር። ለየብቻ ነው።»

«ሲስቁብዎት ግን…»

«በኔ ቢስቁ ምን አለበት፤ አርጅቻለሁ። የከፋኝ በሷ ሲስቁ ነው። ዘጠና ዓመት ሙሉ የመጣውን ሁሉ ስትቀበል ኖራ።» ከዚያ ወደሱ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁንስ ተሸፍና ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁት። «ለካሌብ ልነግረው አስቤ ነበር። ሰው ሳይኖር፣ በሥራ ቀን አንድ ጊዜ እንዲያደርሰኝ። አንተ ብትከፍትልኝ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እማማ» አለ ገብሬ። «አፍርሻታለሁ።»

«ምን?»

«በጥቅምት። ኮሚቴው አዘዘ፤ እኔ አፈረስኳት። ቆርጬ ላወጣት እችል ነበር። ሳምንት ጊዜ መጠየቅ ፈርቼ ነው።»

«ፊቷንም?»

«ፊቷንም።»

እጁን ያዙና ገልብጠው መዳፉን አዩት፤ የጀሶ ምልክት የሚፈልጉ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት። «ታዲያ ይቅርታ ልትጠይቀኝ የመጣኸው ለየትኛው ነው?» አሉት።

ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ጋሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እማማ ሁለታችንንም አዩን። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ነው፤ እንደዚያ ያለ ቁጣ በአዛውንት ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ውጡልኝ ሊሉን ነው ብዬ ለመነሳት ጃኬቴን ያዝኩ። ገብሬም ተነሳ።

እማማ ወደ በሩ አዩ። ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ባዶ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ እንኳ የለም። የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

«ቁጭ በሉ» አሉ፣ ከቁጣቸው ጋር። «ካሌብ እስኪገባ ገና አምስት ሰዓት አለ።»